ቅዳሜ ውሃው ያርፋል

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ
እንደ ወትሮው ሦስት ሰዓት፣ ከድልድዩ ሥር። የወንዙን ውሃ ለካን፤ ፒኤች 7፣ አሲድም አልካሊም ያልበዛበት። የጥራት ማያው ቱቦ እስከ አፉ ሞልቶም ታች ያለው ጥቁር ምልክት ቁልጭ ብሎ ታየ። መምህሩ ደስ አላቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያስተምሩት እኛን በጎ ፈቃደኞችን ነው። «ልኬት ማለት ወጥነት ነው። አንድ ቦታ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት።» ሁለት ዓመት ሙሉ ሰማናት። ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ የምንልከው ቅጽ ላይ ፈርሜ ወደ ስፌት ቤቴ ሮጥኩ። የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሮብኛል።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ
ታላቅ እህቴ ጋ ወረድኩ። ከድልድዩ በታች በወንዙ ውሃ ሰላጣ ታለማለች። እጇ እስከ ክርኗ ተሰነጣጥቋል፤ ሰላጣው ጫፍ ጫፉን አርሯል። ከድልድዩ በላይ ያለውን የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ከከሰሰች ሦስት ወር ሆናት። ዛሬ ከጽሕፈት ቤቱ መልስ መጣላት። «በበጎ ፈቃደኞች ልኬት መሠረት ውሃው ንጹሕ ስለሆነ አቤቱታው ጥቅምት 22 ይዘጋል።» ከሥሩ የቅጻችን ቅጂ ተያይዟል።

«ይቺ ፊርማ ያንቺ አይደለችም?»

የኔ ነች።

«የለካነው እውነት ነው እኮ» አልኳት።

«ቅዳሜ ነዋ። ቅዳሜማ ፋብሪካው ዝግ ነው። ውሃው ያርፋል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? ትመጫለሽ፣ ጠርሙስሽን ትሞያለሽ፣ ትሄጃለሽ።»

እሳት ለበስኩ። በፋብሪካው ነው? በጽሕፈት ቤቱ? በራሴ? የእህቴን አቤቱታ በገዛ እጄ ልቀብረው ነው...

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ
መምህሩ ቤት ሄድኩ። የመለኪያው ሳጥን እሳቸው ዘንድ ነው። እንቢ አሉ። «ቀኑን ከቀየርን ካለፈው ጋር አይነጻጸርም።»

«የእህቴ እጅስ ከምን ጋር ይነጻጸር፣ መምህር?»

በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ።

ጥቅምት 14
እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ሁለቴ።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ
ባዶ ጠርሙስም ቢሆን ይዤ ልውረድ ብዬ ሱቁን ዘጋሁ። ድልድዩ ሥር ስደርስ መምህሩ ቀድመውኛል፤ ሳጥኑ ጉልበታቸው ላይ።

«ትናንት የእህትሽን እጅ አየሁ» አሉ። ሳጥኑን ከፈቱ።

ውሃው ሰማያዊ ነው። ልክ ስፌት መኪናዬ ላይ ትቼው እንደመጣሁት የዩኒፎርም ጨርቅ። ምልክቱ ቱቦው ሩብ ሳይሞላ ጠፋ። ፒኤች 11፤ በረኪና በሉት። ደገሙት። 11። ሠለሱት። 11።

«ወጥ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «ሁለት ዓመት ለፋብሪካው ዘበኛ ሆነናል ማለት ነው።» እኔም አብሬ ዘብ ቆሜያለሁ።

ጥቅምት 20
ጽሕፈት ቤት። ኃላፊው የቅዳሜውንና የማክሰኞውን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቶ አየ።

«ቅጹ የሚለው ቅዳሜ ነው። ይሄ ከአሠራር ውጪ ነው።»

«ወንዙ ግን ሰባቱንም ቀን ይፈሳል።»

«የትኛውን እንመን እንግዲህ?»

«ሁለቱንም። ፊርማው አንድ ነው። በንጹሑ አምናችሁኛል፣ በቆሻሻውም እመኑኝ።»

አቀርቅሮ ማህተሙን ፈለገ። መሳቢያ ከፍቶ ዘጋ፣ ከፍቶ ዘጋ... ማህተሙ ፊቱ ነበር። አንስቼ አቀበልኩት። «ደርሶናል» ብሎ መታበት።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ
አቤቱታው አልተዘጋም። አጣሪ ቡድን ይመጣል አሉ። መቼ? ቅዳሜ። ሦስት ሰዓት! አይን ያወጣ ነገር።

ሱቄ በር ላይ «ማክሰኞ ረፋድ ዝግ ነው» ብዬ ለጠፍኩ። መምህሩ አዲስ ቅጽ አሠሩ፤ የቀኑ ቦታ ክፍት ነው። ዛሬም 11። ሦስት ጠርሙስ ሞልተን አሸግን፤ ቅዳሜ ድልድዩ ላይ ይዘን እንጠብቃቸዋለን።

እህቴም ነበረች። ከላይ የፋብሪካው ቧንቧ ስንት ሰዓት እንደሚለቅ፣ የትኛው ቀን እንደሚብስ ነገረችን። መምህሩ እንደ ተማሪ ጻፉ። ስንጨርስ እስክሪብቶዬን ሰጠኋት። መያዝ አመማት፣ ግን አልመለሰችልኝም። ቅጹ ላይ ከስሜ በላይ ፈረመች።