የኋላውን ቤት የመረጡት ወይዘሮ እኅተማርያም ኃይለመስቀል

ወይዘሮ እኅተማርያም ኃይለመስቀል ከአባታቸው ከአቶ ኃይለመስቀል ወልደ ሐና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሠርከአዲስ ድንቁ በመጋቢት ወር 1912 ዓ.ም. በጎባ ከተማ ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከጎረቤት ቄስ ተማሩ። ኦሮምኛን ያገኙት ከጨዋታ ጓደኞቻቸው ነው፤ እስከ መጨረሻቸው ድረስ ሲቆጡ በአማርኛ፣ ሲያባብሉ በኦሮምኛ ነበር።

በ1934 ዓ.ም. ከአቶ ገብረ መድኅን ጋር ተጋብተው ትርሲትንና ሣህለማርያምን ወለዱ። አቶ ገብረ መድኅን የእህል ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆነው ወደ ሮቤ ሲዛወሩ ቤተሰቡም አብሮ ሄደ። ያኔ ሮቤ ትንሽ ነበረች፤ ከደጃፍ ሲቆሙ ነፋሱ የሲናናን የገብስ ማሳ ሲያስተኛውና ሲያነሣው ይታይ ነበር።

በ1955 ዓ.ም. ከጊኒሩ የከብት ነጋዴ ከአቶ መሀመድአወል ቤት ገዙ። ባንክ ገንዘቡን ያበደራቸው ቤቱንና ቦታውን በመያዣ ይዞ ነው። አቶ መሀመድአወል ውሉ ሳይፈረም ባልና ሚስቱን ክፍል በክፍል እያዞሩ የቤቱን እንከን ሁሉ አሳዩዋቸው። የጀርባው ግድግዳ በክረምት ውሃ ይጠጣል፤ ምሰሶው ውስጡን ነቀዝ በልቶታል፤ የኋላው መኝታ ክፍል መስኮት ስለሌለው ከሰል ቢገባበት ሰው ይገድላል። አቶ ገብረ መድኅን ሳቁና፣ “ሻጭ እንዲህ ካወራ ገዢ ይሸሻል እኮ!” አሏቸው። “በሬ ስሸጥ አንካሳነቱን ደብቄ አላውቅም፤ በቤት ልጀምር?” አሉ ነጋዴው። ወይዘሮ እኅተማርያም ይህን ንግግር ዕድሜ ልካቸውን ሲያነሡት ኖሩ።

በ1962 ዓ.ም. በዚያው ግቢ ከፊት ለፊት አዲስ ቆርቆሮ ቤት ሠርተው ገቡ። የኋላውን ቤት ቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ ሞሚና ከአራት ልጆቻቸው ጋር ተከራዩት። ወይዘሮ እኅተማርያም እንከኑን አንድ ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ያም አልበቃቸውም፤ ብርድ በጠና ቁጥር ማምሻውን እየሄዱ የከሰሉን ማንደጃ በገዛ እጃቸው ወደ ውጭ ያወጡ ነበር። ቤቱ ሳይታደስ አቶ ገብረ መድኅን በ1965 ዓ.ም. ዐረፉ።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ቦታ መሸጥም በመያዣ ማስያዝም ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። ሁሉም የፊቱን ቤት እንደሚያስቀሩ አልተጠራጠረም። እርሳቸው ግን ወደ ቀበሌው ሊቀ መንበር ወደ አቶ ጃርሶ ሄደው፣ “የኋላው ቤት የቀበሌ ከሆነ ማን ይጠግነዋል?” ብለው ጠየቁ።

“እማማ፣ ቀበሌው ገና የሚጽፍበት ጠረጴዛ እንኳ የለው።”

“እንግዲያው የኋላውን ለእኔ ጻፉት። የፊቱን ውሰዱ፤ ሞሚናንና ልጆቿን ግን እዚያ አስገቡልኝ።”

“ቆርቆሮው ገና የሚያበራውን ትተው? እማማ፣ ነገ ተጸጽተው ቢመጡ እኔ የለሁበትም!”

ልጃቸው ትርሲት፣ “አባባ የሠራውን ቤት ሰጥተሽ ራስሽን ልትገድይ ነው?” ብላ አለቀሰች። “እኔ በየት በኩል እንደሚፈርስ አውቃለሁ” አሏት። “ሞሚና የምታውቀው እኔ የነገርኳትን ነው፤ ሕፃናቱ ደግሞ ያንንም ይረሳሉ።”

እንዳሉትም ሞሚናና ልጆቻቸው ወደ ፊቱ ቤት፣ እርሳቸው ወደ ኋላው ገቡ። እንደ ድሮው ቦታ አስይዞ ለማደሻ መበደር ስለ ቀረ፣ የእድሩ ሰዎች የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተሸክመው መጥተው የተበላውን ለወጡላቸው። ለጀርባው ግድግዳ ግን አቅም ጠፋ። በእንጨት ደግፈውት አልጋቸውን ወደ ፊተኛው ክፍል አወጡ። ትርሲት ከዚያ ወዲያ ሦስት ክረምት ዝናብ በሰማች ቁጥር ነጠላዋን ይዛ ትነሣ ነበር።

በነሐሴ 1970 ዓ.ም. በገበያ ቀን፣ ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ግድግዳውን ወደ መኝታ ክፍሉ ጣለው። ወይዘሮ ሞሚና “ሀርሜ ኮ! እናቴ!” እያሉ በእጃቸው ጭቃ ይቆፍሩ ጀመር። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ለቅሶው ቀለጠ። በዚህ መሐል ወይዘሮ እኅተማርያም ዘንቢላቸውን ይዘው ከገበያ ደረሱ።

“ማን ሞቶብን ነው?”

“እርስዎ!” አሉ ሞሚና፣ ጭቃ በጭቃ እንደ ሆኑ።

“ታዲያ ዘንቢሉን ተቀበሉኛ! ሬሳ ይህን ሁሉ ድንች ይሸከማል?”

ሳቁ ብዙም አልቆየም። ጭቃው የተከመረው የሞሚና ልጆች ይተኙበት በነበረው ቦታ ላይ ነበር። ሞሚና ይህን ሲያዩ ዲኖ፣ ጁሀራ፣ ሰይዳ፣ ማሜ እያሉ ጮክ ብለው ተጣሩ። አራቱም ከፊተኛው ቤት አቤት አሉ።

ግድግዳው በጎረቤት ርዳታ በድንጋይ ተሠራ። ወይዘሮ እኅተማርያም ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው በዚያው ቤት ዐረፉ። ዛሬ ቢናገሩ ለዚህ ሁሉ ለቀስተኛ የሚሉት አይጠፋንም፤ “ወሩ ውርጭ ነውና ከሰል አስገብታችሁ እንዳትተኙ!” ነው።

ሁለት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። በጓሮ በኩል ከቆሙት ሐዘንተኞች መካከል ደግሞ አራቱ ያልወለዷቸው ልጆቻቸው ናቸው፤ በሕይወት ኖረው ሊያለቅሱላቸው በቅተዋል።

እግዚአብሔር ዝናብ የማያፈርሰው፣ ዐዋጅ የማይለውጠው ቤት ይስጣቸው።