ቁጥሩ ከፍ ሲል «እንኳን ደስ ያለሽ» ላሉን ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ታምሬ፣
የስደተኞች ጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ገዳሪፍ፣ ሱዳን

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝ እመኛለሁ፤ ጤንነት ስል በሐኪም የተረጋገጠውን እንጂ በኮሚቴዎ መዝገብ የተጻፈውን ማለቴ አለመሆኑ ይታወቅልኝ። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ያንን መዝገብ ያለ ደመወዝ ስጽፍልዎ የነበርኩት፣ የወይዘሮ ደብሪቱ ልጅ ኮከብ ነኝ። እናቴን ከቀበርን ዛሬ ስምንተኛ ቀናችን ነው። ደብዳቤውን በራሽን ማደያው በር ላይ የለጠፍኩት ሰልፉ ረጅም ስለሆነና ለማንበብ ሁሉም ጊዜ ስላለው ነው። ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. በጥቅምት ወር በእርዳታ የመጣውን የደም ስኳር መለኪያ ማሽን ተረክበው ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ላይ ስላዋሉልን እናመሰግናለን። በግድግዳው ላይ በለጠፉት ሰንጠረዥ የጤነኛ ሰው ስኳር ከሰባ እስከ መቶ አሥር ስለሚል፣ አዲሱ ማሽን ደግሞ ለሁላችንም አምስት፣ ስድስት፣ አሥር እያለ ስለሚያሳይ፣ የክሊኒካችን ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩ አክሊሉ፣ የካምፑ ሕዝብ በሙሉ ስኳር አልቆበታል ሲል ወሰነ፤ እርስዎም የሰሊጥ አጨዳውና የገዳሪፍ ፀሐይ ስኳራችንን እንደጨረሱት በስብሰባ ላይ አስረዱን። ሁላችንም አመንን። እኔም አምኜ በገዛ እጄ ጻፍኩ።

2ኛ. ለእያንዳንዱ ተመርማሪ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ስኳር ስላደሉ እናመሰግናለን። ሴቶቹ በሰልፉ ላይ «እስቲ ያንቺ ስንት ገባ?» እየተባባሉ ይፎካከሩ ነበር፤ ስድስት ላይ የቀረችውን ራሒማን «ምን በልተሽ ነው፣ አንቺ ድሃ?» እያሉ ሲስቁባት እኔም አብሬ ስቄያለሁ። የእናቴ አሥራ አራት ነበር። በሳምንቱ አሥራ ዘጠኝ ሲሆን አክሊሉ አጨበጨበላት፤ ሃያ ስድስት ሲሞላ እርስዎ ራስዎ ከቢሮዎ ወጥተው «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ደብሪቱ» አሏት። እናቴ በሕይወቷ ሰው አንደኛ ብሏት ስለማያውቅ ደስታዋን አልቻለችውም፤ «ዘንድሮ ቀናኝ» እያለች፣ በቀን አንድ ጀሪካን ውኃ እየጠጣች፣ ቀሚሷ ከትከሻዋ እየወለቀ፣ የሰጧትን ስኳር በሻይ ጨረሰችው።

3ኛ. የማሽኑን መመሪያ ማንም ሳያነበው ካርቶኑ ውስጥ ስላስቀመጡልኝ በተለይ አመሰግናለሁ። ማሽኑ የሚቆጥረው በሌላ መለኪያ እንደሆነ፣ ከሰንጠረዥዎ ጋር ለማስተያየት እያንዳንዱን ቁጥር በአሥራ ስምንት ማባዛት እንደሚገባ በሦስት ቋንቋ ተጽፎበታል። ስለዚህ የራሒማ ስድስት የጤነኛ ሰው ነው። የእናቴ ሃያ ስድስት ደግሞ አራት መቶ ስድሳ ስምንት ነው። ጭብጨባው ለዚህ ነበር።

4ኛ. መመሪያውን ባነበብኩበት ቀን ወረቀቱን ይዤ ቢሮዎ ስመጣ ስላስተናገዱኝ አመሰግናለሁ። ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል ለመውጣት ተስሪሕ የሚሉት የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ተስሪሑ ደግሞ ያለ እርስዎ የድጋፍ ደብዳቤ አይሰጥም። እርስዎም «አንቺ ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስሽን ሰምተናል፤ ከሁሉ በላይ ቁጥር ላላት ሴት ምን ብዬ ልጻፍ? ይልቅ ሂጂና ለእናትሽ ሻይ አፍይላት» አሉኝ።

5ኛ. በተከታዩ ቅዳሜ ማሽኑ ለእናቴ ቁጥር መጻፍ ትቶ ሁለት የፈረንጅ ፊደላት አሳየ። መመሪያው ይህ ሲሆን ስኳሩ ማሽኑ ሊቆጥር ከሚችለው በላይ ነው፣ በፍጥነት ሐኪም ዘንድ ይወሰዱ ይላል። አክሊሉ ባትሪው አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ አለን። እናቴ ሐሙስ ዐረፈች።

6ኛ. እናቴ ባረፈች በሦስተኛው ቀን «ሕዝብ በማሸበር» ከመዝገብ ጸሐፊነት ስላሰናበቱኝ አመሰግናለሁ። ለማልቀስ ጊዜ አገኘሁ።

ክቡር ሆይ፣ እናቴን እንዲመልሱልኝ አልጠይቅም። የምጠይቀው ለሕያዋኑ ነው። በመዝገብዎ ከተጻፉት አርባ ሦስት ሰዎች መካከል ዘጠኙ ከአሥራ አንድ በላይ አላቸው፤ ይህም በእርስዎ ሰንጠረዥ ከሁለት መቶ ያልፋል፤ በመጪው ቅዳሜም ስኳር ሊታደላቸው ነው። እደላው ዛሬ ይቁም። የዘጠኙም የድጋፍ ደብዳቤ እስከ ነገ ቀትር ይፈረም። እምቢ ካሉ እኔም ሰዎቹን ይዤ ያለ ተስሪሕ በእግሬ እወጣለሁ፤ ኬላው ላይ ብታሰርም የታሰርኩበትን ምክንያት ለወታደሩ በዐረብኛ፣ ለእርስዎ አለቆች በእንግሊዝኛ፣ ለሕዝቡ በአማርኛ የማስረዳት ችሎታ ስላለኝ አይጨነቁልኝ።

ከእጅዎ ስኳር ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልን» ካለ ሕዝብ መካከል፣ ወንበርዎን ሳልነካ፣ ክብርዎን ሳልረሳ፣ ስምዎንም እስክሞት ሳልረሳ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

ኮከብ ተሻለ
ጥር 1991 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ከዘጠኙ ስምንቱን በየቤታቸው ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። ዘጠነኛዋ ባለፈው ቅዳሜ ሃያ ሦስት የተጻፈላቸው ወላጅ እናትዎ እማማ ቱርካ ናቸው፤ ግቢዎ እንዳልገባ ስለከለከሉኝ እባክዎ ዛሬውኑ ራስዎ ይንገሯቸው። የድጋፍ ደብዳቤ ማርቀቁ ቢያስቸግርዎ፣ ለእናቴ አርቅቄ ሳይፈርሙበት የመለሱልኝን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ስሙን ብቻ ይለውጡት።