ከአምበሉ በቀር ማንም አይናገር

ጥር 4
የመጋረጃ ስፌት ሥራዬን ለእህቴ ትቼ የዳኞች ስብሰባ ሄድኩ። አዲስ የደንብ ሐሳብ መጥቷል። የእኛ የሠራተኞች ሊግ ይሞክረው ተባለ። ከእንግዲህ ዳኛን የሚያናግረው አምበሉ ብቻ ነው። ሌላው ጠጋ ካለ ቢጫ ካርድ።
እኔስ ደስ ነው ያለኝ። አንድ ፊሽካ በነፋሁ ቁጥር አስራ አንድ ሰው ሲከበኝ፣ እናቴ ሳትቀር ስትሰደብ... ለባለቤቴ ብነግረው፣ ለቤታችንም አንድ አምበል ይሾምልን አለ። እሱ ደግሞ ሁሉ ነገር ቀልድ ነው።

ጥር 11
ሞከርነው። እንዴት ደስ ይላል! ሁለት ልጆች ተንደርድረው መጡ፣ ለሁለቱም ቢጫ። ከዚያ በኋላ ትንፍሽ ያለ የለም።

ጥር 18
መጻፍ አልፈልግም ነበር። ግን ካልጻፍኩት...
የበያጆቹ ቡድን ነበር። አምበላቸው ረጅም ተከላካይ ነው፣ ምሰሶ ይሉታል። ታናሽ ወንድሙም በክንፍ ይጫወታል። እነሱ የማዕዘን ምት ሊመቱ ነው፣ እኔ ዓይኔን ግቡ ላይ ተክያለሁ። የመስመር ዳኛ የለንም። ምሰሶ ከኋላ ቀርቷል።
ታናሽየው ከጀርባዬ ሮጦ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ።
“ዳኛ፣ ዳኛ... አምበላችን...”
“ወደ ቦታህ! አምበልህን ላክ።”
“እሱ እኮ ነው...”
ቢጫውን መዝዤ ነበር። ፊቱ ላይ ይዤው ነበር። አፉን ከፍቶ ካርዱን ያያል። ሌሎቹ ካሉበት ሆነው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። አንድም ሰው አልቀረበኝም። ደንብ አክብረው!
ዞር አልኩ። ምሰሶ በግንባሩ ተደፍቷል።
የተቃራኒው በረኛ ሥራው ነርስ ነው። ጓንቱን ወርውሮ በረረ፣ ደረቱን ይጫነው ጀመር። እኔ ምን አደረግኩ? ቆምኩ። ካርዱን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ጥር 19
ሕይወቱ አለች። ልቡ ነው አሉ።

ጥር 22
የሊጉ ሊቀመንበር አስጠራኝ። ለስላሳ ሰው ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ልጁ ስለተሳደበ ነው ቢጫ ያየው ብዬ በሪፖርቱ እንድጽፍ ፈለገ። ሰውየው ተርፏል፣ ጥሩውን ሐሳብ በአንድ ቀን አደጋ አናበላሸው አለኝ። አልጽፍም ስለው ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።
“እህቴ፣ ደንቡ ምን አጠፋ? የተረጎምሽው አንቺ ነሽ።”
ከቢሮው ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የደነገጥኩት ዋሺ ስላለኝ አይደለም። እውነቱን ስለነገረኝ ነው። የደንቡ የትኛው መስመር ላይ ነው ዘወር ብለሽ አትዪ የሚለው?
የሆነውን እንደሆነው ጽፌ ሰጠሁ። ቢጫው ይሰረዝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ።

ጥር 27
ሆስፒታል ሄድኩ። ታናሽየው በር ላይ ቆሟል። ሰላም ስለው ፊቱን አዞረ። አሳለፈኝ ብቻ።
ምሰሶ ከስቷል። ከእንግዲህ ኳስ አይጫወትም ብለውታል። ይቅርታዬን እንኳ ሳልጨርስ ፈገግ አለ።
“ደንቡስ ጥሩ ነው። ሳላስፈቅድ የወደቅኩት እኔ ነኝ።”
ሳቅኩ። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። ሚስቱ ናት ያባበለችኝ። እኔን!

የካቲት 3
ደንቡ አልተነሳም። አንድ መስመር ተጨመረበት፦ ሰው ከተጎዳ ማንም ይናገር። ይህቺን ለማሰብ ሰው መውደቅ ነበረበት?

የካቲት 17
እንደገና አጫወትኩ። የበያጆቹ አዲስ አምበል ታናሽየው ነው። ሳንቲም ስወረውር ዓይኑን ከሳንቲሙ አላነሳም። ከመጀመራችን በፊት ሁሉንም ሰብስቤ፣ የፈራ፣ የተጠራጠረ ካለ ካርድ ሳይፈራ ይምጣ አልኩ። ኳስ በወጣ ቁጥር ወደኋላ እዞራለሁ። ስዞር ስንቱ አምልጦኛል።
በያጆቹ ተሸነፉ። ጫማዬን ስፈታ ታናሽየው መጥቶ ከፊቴ ቆመ።
“ሁለተኛዋ ጎል ከጨዋታ ውጭ ነበረች” አለኝ።
ከዚያ ቀን ወዲህ ያናገረኝ ገና ዛሬ ነው።
“ወንድሜ ቤት ሆኖ ይጠብቀኛል። ዳኛዋ ምን አለች ቢለኝ ምን ልበለው?”
“አላየሁም ነበር ብላለች በለው።”
ራሱን ነቀነቀ። ወዲያው አልሄደም። ጎሏ እንዴት እንደገባች እያሳየኝ ብዙ አወራ... እኔም እስኪጨርስ ሰማሁት።