በቁም ሳጥንዎ ስለተቆለፈው ብልቃጥና ስለ እህቴ ጉንጭ

ለመድኃኒትና መዋቢያ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ የተከበሩ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ፊትዎ ደኅና ነው? የእኛ ቤት ፊት ደኅና ስላልሆነ የእርስዎ እንኳን እንዲያምርልዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ሶፋ ሰሪ ነኝ፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ አስተማሪ ናት። የመንጋጋ ጥርሶቿ ከተነቀሉ ወዲህ ግራ ጉንጯ ጎድጎድ ስላለባት፣ እርስዎ ራስዎ ሪባን ቆርጠው በመረቁት የውበት ሳሎን ገብታ ፊለር የሚሉትን መሙያ ተወጋች። አቤቱታዬን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. እኔ ሶፋ ስሞላ ስፖንጁ ካስቀመጥኩት ቦታ አይነቃነቅም፤ ሶፋውም አይከራከረኝም። ሥጋ ግን ይከራከራል። ሐኪማችን እንዳስረዱን፣ ሰውነት የማያውቀው ነገር ሲገባበት ወይ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፣ ወይ ማሟሟት ሲያቅተው ዙሪያውን በጠባሳ አጥሮ ያስረዋል። የእህቴ ሰውነት አሰረው። መጀመሪያ ባቄላ የምታህል ጠጣር እብጠት ወጣች፤ ከዚያ የመሙያው ከፊል ወደ አገጯ ተንሸራተተ፤ ቆዳዋ ጠቆረ፤ አሁን ጉንጯ ተበስቶ ቅባት የተቀላቀለበት መግል ያወጣል። የትራስ ልብሷን የማጥበው እኔ ነኝ። ሽታውን ልገልጽልዎ በቻልኩ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ይህን ደብዳቤ ቁርሱን እየበላ የሚያነብ ሰው ይኖራል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ላጫውታት ስሞክር «እትዬ፣ በናትሽ አታስቂኝ፤ ስስቅ ይፈሳል» ማለቷ ነው።

2. ተቆጣጣሪዎችዎ ሳሎኑን ፈትሸው የተረፈውን ብልቃጥ አሽገው ወስደዋል፤ ቢሮዎ ቁም ሳጥን ውስጥም ተቆልፎበታል። ስለ ቅልጥፍናቸው አመሰግናለሁ። ብልቃጡ ምንም ጽሑፍ የለበትም። ሐኪማችን ደግሞ ቢላዋ ከማንሣታቸው በፊት ውስጡ ያለውን ማወቅ ይፈልጋሉ። የሚሟሟው ዓይነት ከሆነ ማሟሟቻ መርፌ አለው፤ የሲሊኮን ዘይት ከሆነ ግን ከሥጋዋ ጋር ስለተጣበቀ አብሮ ተቆርጦ ሊወጣ ነው። የፊት ነርቭ የሚያልፈውም በዚያው በኩል ነው፤ ከተነካ አፏ ተጣሞ ይቀራል። እህቴ ሕፃናትን ፊደል የምታስቆጥረው በዚያ አፍ ነው። የለመንንዎ ለምርመራ የምትሆን አንዲት ጠብታ ነበር።

3. የመድኃኒት ክፍልዎ ነገሩ መዋቢያ ነው ብሎ ወደ መዋቢያ ክፍል ላከን። የመዋቢያ ክፍልዎም ሥልጣኑ እስከ ቆዳ ድረስ እንደሆነና ቆዳ አልፎ የገባ ነገር እንደማይመለከተው በጨዋ ደንብ አስረዳን። እርስዎም ሁለቱ ክፍሎች እስኪስማሙ በትዕግሥት እንድንጠብቅ መከሩን። ምክርዎን ለመግሉ አድርሻለሁ፤ እሱ ግን ትዕግሥት የለውም። ስንጠብቅ የተቀመጥንበትን የእንግዳ መቀበያ ሶፋም ሳላደንቅ አላልፍም፤ ላዩ አዲስ ጨርቅ ለብሷል፣ ውስጡ ግን በስብሷል።

ክቡር ሆይ፣ ያንገሸግሹኛል። የእህቴን መግል በእጄ ስጠርግ ተጸይፌ አላውቅም፤ ከቢሮዎ በወጣሁ ቁጥር ግን እጄን በሳሙና እታጠባለሁ።

ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ መርፌም ከፊትዎ እንዲርቅ እየተመኘሁ፣ ላደረጉልንና ላላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ትሕትናዋን ሁሉ እዚህ ወረቀት ላይ የጨረሰችው፣
ሶፋ ሰሪዋ ታላቅ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ከቢሮዎ ተደወለልኝ። ሁለቱ ክፍሎች እንኳን ደስ አላቸው፣ ተስማምተዋል፤ ብልቃጡ የሁለቱም ስላልሆነ ለባለቤቱ ለሳሎኑ ተመልሷል። እየሮጥኩ ሳሎኑ ስደርስ ብልቃጡ ታጥቦ ደርቋል። የነበረችው ጠብታ ዛሬ ጠዋት በአንዲት ሙሽራ ከንፈር ውስጥ ገብታለች። ሐኪማችን ነገ የእህቴን ጉንጭ የሚከፍቱት በግምት ነው።