የደመቁት መልእክቶች

ጥቅምት 6
የፍራሽ ፋብሪካው ቢሮ አሮጌ ኮምፒውተር ሊወሰድ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ኢሜይሎቹን ሁሉ አውጥተሽ ቅጂ አስቀምጪ፤ አንድ እንኳ እንዳይጠፋ» አሉኝ። እሺ አልኩ። እንዴት እንደሚወጣ ግን... የማውቀው ሁሉ ከተጣሉ የመመሪያ ገጾች የለቀምኩት ነው። «ቀጥል» የሚለውን እየተጫንኩ ሄድኩ። ፍላሹ ላይ ገባ። መሰለኝ።

ጥቅምት 7
«መግባቱን በምን አወቅሽ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። በምን አወቅሁ? ፍላሹን አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ መልሼ አስገባሁት። የዓመታት መልእክት ሁሉ መጣ... ግን ሁሉም በደማቅ ጽሕፈት፣ ገና ያልተነበበ መስሎ። ሳጥኑ የጋራችን ነው፤ እሳቸውም ከክፍላቸው ያዩታል። ልነግራቸው ስገባ ስልክ ላይ ነበሩ። በእጃቸው ውጪ አሉኝ።

ጥቅምት 9
ጉድ ነው። ሲመልሱ ውለዋል! የደመቀ ሁሉ ለእሳቸው አዲስ ነው፤ ቀኑን አያዩም። ከተዘጋ ለቆየ ሆቴል «ፍራሾቹን በዚህ ሳምንት እናደርሳለን» ብለዋል። ለስፖንጅ ነጋዴው የሠርግ ጥሪ «እንኳን ደስ ያለህ» ጽፈዋል። ሰውዬው ደወለ።
«የቱን ሠርግ ነው? ሚስቴ ጥላኝ ከሄደች ስንት ጊዜዋ! ታላግጡብኛላችሁ?»
ገብቼ «ጋሼ፣ እነዚህ እኮ የቆዩ ናቸው» አልኳቸው።
«የቆየ ከሆነ ለምን ደመቀ?»
በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ጥቅምት 10
ተራው የኔ ሆነ። ከዓመታት በፊት እናቴ ስትታመም የሥራ መልቀቂያ በኢሜይል ጽፌ ነበር። ያኔ አልተቀበሉኝም፤ እረፍት ሰጡኝ፣ ተሻላት፣ ነገሩ በዚያው ቀረ። ዛሬ «ውሳኔሽን አከብራለሁ። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ተሰናብተሻል» ብለው መለሱልኝ። ሮጬ ገባሁ።
«ጋሼ፣ ያ እኮ ድሮ ነው! እርስዎ ራስዎ አልፈቅድም ብለውኝ...»
«እኔ? የት አለ?»
የመጋዘኑ ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ቀርፋፋ ከመሆኑ የተነሳ «ሮኬቱ» ነው የምንለው። «እትዬ፣ ሊሄዱ ነው? ወንበሩን ለማን ይተዉታል?» ለዚህ ለዚህ ፈጣን ነው።
እናቴ የኔን እጅ ነው የምታየው። በዚህ ዕድሜዬ የማን ደጅ ልጠና?

ጥቅምት 11
ለስንብቴ ኬክ መዋጮ ተጀምሯል። እኔም አዋጣሁ።

ጥቅምት 13
«የት አለ?» ያሉት ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ። የተላኩትስ አብረው ገብተው የለ? ፈልጌ አገኘሁት። የእሳቸው የያኔ መልስ። «መልቀቅ የሚባል ነገር የለም። ያለ አንቺ ይህ ቢሮ ባዶ ነው። እናትሽን አስታሚና ተመለሺ።»
አትሜ ልውሰድላቸው? ወረቀት አያምኑም። ወደ ገቢው ሳጥን ጎተትኩት። አልደመቀም። የማውዙን ቀኝ ስጫን «ያልተነበበ አድርግ» የሚል ብቅ አለ። ነካሁት። ደመቀ... ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።
ረፋዱ ላይ ጠሩኝ። መነጽራቸውን አውልቀዋል።
«አትሄጂም» አሉ።
«ምነው ጋሼ?»
«ሥራ አስኪያጁ አልፈቀደም።»
ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት!
«እናትሽንም አስታሚ ተብለሻል።»
ኬኩ መጥቶ ነበርና ተበላ።

ጥቅምት 20
የመስኮቴ መስታወት ከተሰበረ ክረምቶች አልፈዋል። ያኔ ይሠራልኝ ብዬ የጻፍኩትን ጠዋት አደመቅሁት። ይህን ስጽፍ አናጢው ፍሬሙን እየለካ ነው። «አስቸኳይ ነው ተብያለሁ» ይላል።
ሮኬቱ አንገቱን አስግጎ ገባ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ... ጠዋት ሲያደምቁ አይቻለሁ። እኔም አንድ ጊዜ ቦት ጫማ በኢሜይል ጠይቄ ነበር። ያደምቁልኛል?»
አስቤ እነግርሃለሁ አልኩት።
እኔ! እንደ አለቃ አስቤ!