በሽቦ የታሰሩት ቁልፎች

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? የወጣሽበትን ያቅናልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

አባትሽ ከሚያከራያቸው መኪኖች አዲሷን ተከራይ ይዟት ጠፋ። ኢንሹራንሱ «ትርፍ ቁልፉን ካላመጣችሁ አንከፍልም» አለን። ከየት ይምጣ? አባትሽ አንዱ እንዳይጠፋ ብሎ ሁለቱንም በሽቦ አስሮ ነው ለተከራይ የሚሰጠው። አይ የሱ ጥንቃቄ! መኪኖቹን ሰጥቶ በስሙ የሚያሠራን ትልቁ ኩባንያም «በውላችን መሠረት ለጠፋ መኪና ተጠያቂው አንተ ነህ» ብሎ በዋስትና ያስያዝነውን ቤት አሸጠው። ስትደውይ ለአባትሽ ስለ መኪና አታንሺበት።

ዕቃሽን በካርቶን አድርጌ ክፍልሽን ጠርጌዋለሁ። ገዢዎቹ የቤቱን ቁልፎች ቆጥረው ነው የሚረከቡት፤ አንዱ አንቺ ጋ ነው። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ላኪልኝ፣ የኔ እናት። በሄድሽበት በር ይከፈትልሽ።