ስለ ወይዘሮ አትጠገብ ገሪማ ዕረፍት እና መልስ ስላላገኘው የዎጢቻ ወንዝ ደብዳቤ

የዲላ ተፋሰስና የአካባቢ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዲላ

ለጽሕፈት ቤታችን ሠራተኞች፣ ለኮንጋና ለአካባቢው ነዋሪዎች፣ እንዲሁም ወይዘሮ አትጠገብን ለሚያውቁ ሁሉ፤

የጽሕፈት ቤታችን የመዝገብ ቤት ኃላፊ ወይዘሮ አትጠገብ ገሪማ ባደረባቸው አጭር ሕመም ሐሙስ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ቤተሰቦቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ብዙ ሕዝብ በተገኙበት በዲላ ከተማ ተፈጽሟል። የተሰማን ሀዘን ጥልቅ ነው። በእንዲህ ያለ መግለጫ «ጥልቅ» የሚለው ቃል ከልማድ የሚጻፍ መሆኑን እናውቃለን። ዛሬ የጻፍነው ግን ሌላ ቃል ፈልገን ስላጣን ነው።

ሰሞኑን ዲላ ጠዋት ጠዋት ጉም ውስጥ ናት። ከቡሌ በኩል ቀስ እያለ የሚወርደው ጉም ግቢያችን ድረስ ይገባና ከበሩ አጠገብ ያለውን ዋንዛ ግማሹን ይሸፍነዋል። ወይዘሮ አትጠገብ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው ብቅ የሚሉት ከዚያ ጉም ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ጃንጥላው ይታያል፣ ቀጥሎ ነጠላው፣ በመጨረሻ «እንዴት አደራችሁ» የሚለው ድምፅ ይመጣል። አሁንም የሚመጡ እየመሰለን ሥራ አቁመን በሩን የምናይ ብዙ ነን።

ወይዘሮ አትጠገብ በ1958 ዓ.ም. በቡሌ ተወለዱ። ለትምህርት ወደ ዲላ ወርደው እዚሁ ቀሩ። ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነበሩ።

በ1985 ዓ.ም. በጸሐፊነት ተቀጠሩ። መሥሪያ ቤቱ ያኔ ሌላ ስም ነበረው። ከዚያ ወዲህ ስሙ አምስት ጊዜ፣ ማኅተሙ ስድስት ጊዜ ተቀይሯል። አዲስ ሰሌዳ በተሰቀለ ቁጥር እሳቸው ቀና ብለው ያነቡና «ይሁን፣ ስም ሲቀየር ፋይል አይቀየርም» ብለው ወደ ክፍላቸው ይገቡ ነበር።

በ1994 ዓ.ም. ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ። የዚያ ዓመት ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ። ጥገና ይደረግልን ብለን የጻፍነው ማመልከቻ መልስ ሳያገኝ ዝናቡ ቀጠለ። ወይዘሮ አትጠገብ ከቤታቸው ጓሮ ኮባ እየቆረጡ አምጥተው መደርደሪያዎቹን አለበሷቸው። ክፍሉ ውስጥ የገባ ሰው እንሰት እርሻ የገባ ይመስለው ነበር፤ ውሃው በቅጠሉ ላይ እየተንኳለለ መሬት ይወርዳል፣ ወረቀቱ ግን ደረቅ ነው። ዛሬ ስለ አካባቢው ሀገር በቀል ዛፎች የሚያጠና ተመራማሪ ሁሉ መጥቶ የሚከፍተው ዝርዝር በዚያ ኮባ ሥር የተረፈው ነው።

በ2001 ዓ.ም. በመዋቅር ለውጥ ወቅት የቆዩ ፋይሎች እንዲወገዱ ታዘዘ። የሂሳቡንና የተሽከርካሪውን ሰነድ አስወገዱ። የነዋሪዎችን አቤቱታ ግን አንድም ገጽ አልሰጡም። «የሰው አቤቱታ እንዴት ቆሻሻ ይሆናል?» ብለው በሩ ላይ ቆሙ። አስወጋጅ ኮሚቴውም ምሳ ሰዓት ደርሷል ብሎ ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

በ2006 ዓ.ም. ከቡሌ በላይ ያለ አንድ የጋራ ደን ለእርሻ ሊሰጥ ሲል፣ ቦታው እንዲጠበቅ ከዓመታት በፊት የተወሰነበትን ቃለ ጉባኤ ሻይ ተፈልቶ ሳይቀዳ አግኝተው አቀረቡ። ደኑ አለ። የሄደ ሁሉ ሊያየው ይችላል።

እዚህ ድረስ የጻፍነው ለማንኛውም ትጉ ሠራተኛ የሚጻፍ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው እኛን ይመለከታል።

በ2009 ዓ.ም. ጥር ወር ከኮንጋ ቀበሌ አንድ ደብዳቤ ገባ። ጸሐፊው አቶ ሲላስ ጅግሶ የተባሉ አርሶ አደር ናቸው። ዎጢቻ በተባለችው ትንሽ ወንዝ ዳር የሚኖሩ አርባ ሦስት አባወራዎችና እማወራዎች ፈርመውበታል፤ መፈረም የማይችሉት አሻራቸውን አኑረዋል። ከበላያቸው ያለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ ላይ በሚሆንባቸው ወራት ወንዙ ይጠቁራል፣ ይገማል ይላሉ። ከብት አፉን አያስነካውም፤ ልጆችን ቆዳቸውን ያሳክካቸዋል፤ አባቶቻቸው ምሳር ሳያሳርፉባቸው ያቆዩዋቸው የወንዝ ዳር ዛፎች ከሥራቸው እየደረቁ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሆነብን» ይላል ደብዳቤው። ካሣ አልጠየቁም፣ ማንንም አልከሰሱም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ የጣቢያው የፍሳሽ ጉድጓድ የተቆፈረው መመሪያው እንደሚያዘው ነው ወይስ አይደለም?

ጥያቄው በአንድ ቃል የሚመለስ ነበር። የውሃ ጥራት ባለሙያችን አቶ ፈድሉ በሚቀጥለው ወር ወርደው፣ ለክተው፣ ሦስት ገጽ ሪፖርት አቀረቡ። ስለዚህ መልሱ ከየካቲት 2009 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን ነበር። የጊዜው ኃላፊ በደብዳቤው ኅዳግ ላይ «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ብለው ፈረሙ። መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ይህን አባባል ያውቀዋል። ለማያውቀው ለመግለጽ ያህል፣ ደብዳቤው ይተኛ ማለት ነው።

ወይዘሮ አትጠገብ ትእዛዝ አክባሪ ነበሩና አያያዙት። ሰኞ ጠዋት ግን ፋይሉን አውጥተው፣ ደብዳቤው ከላይ እንዲሆን ገልጠው፣ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ኃላፊው ደግመው «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» አሉ። እሳቸውም ደግመው አያያዙት። በሚቀጥለው ሰኞ ደብዳቤው ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ነው። ኅዳጉ ሲሞላ ሌላ ወረቀት በነጭ ክር ሰፉበት፤ እሱም ሲሞላ ሌላ። ዛሬ ደብዳቤው አሥራ አንድ ጭማሪ ወረቀቶች አሉት። የአምስት ኃላፊዎች ፊርማ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮበታል፤ አምስቱም የጻፉት ያንኑ ሦስት ቃል ነው። አምስተኛው አሁን ያሉት ኃላፊ ናቸው።

አቶ ሲላስ መልስ ፍለጋ ሲመጡ ወይዘሮ አትጠገብ «ነገ ይመለሱ» ብለዋቸው አያውቁም። ወንበር ስበው ያስቀምጧቸውና «አቶ ሲላስ፣ መልሱ አልወጣም፤ እያስታወስኩ ነው» ይሏቸው ነበር። አቶ ፈድሉ አንድ ቀን አላስችል ብሏቸው «እትዬ፣ ሪፖርቱን አንብበውታል። ምናለ በጆሯቸው ሹክ ቢሏቸው?» አሏቸው።

«እኔ ብነግራቸው ሐሜት ነው» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። «መሥሪያ ቤቱ ሲነግራቸው ነው መልስ የሚሆነው።»

አቶ ፈድሉ ይህን የነገሩን ከቀብር መልስ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እኛ ሥሩን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠን፣ በየዓመቱ መጨረሻ «የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ተጠናክሮ ቀጥሏል» ብለን ሪፖርት አድርገናል። ሪፖርቱን የጻፍነው ደግሞ ከመዝገብ ቤቱ አጠገብ ባለው ክፍል ነው።

በ2016 ዓ.ም. ወደ ሌላ ሕንጻ ተዛወርን። ዕቃው ሁሉ በአይሱዙ ተጫነ። ወይዘሮ አትጠገብ ያን ፋይል ግን ለመኪና አላመኑትም፤ በዘንቢላቸው ይዘውት በእግር መጡ። ቀኑ ሰኞ ነበር። አዲሱ ጠረጴዛ ገና ስላልተገጣጠመ ወንበር ላይ አኖሩት።

የሀዘን መግለጫ ሕልም አይጻፍበትም። ይህኛው ይጻፍበት ብለን ተስማምተናል። በያዝነው ወር መጀመሪያ፣ ሳይታመሙ፣ ወይዘሮ አትጠገብ ደረጃው ላይ አቁመውን ሕልማቸውን ነገሩን። የመዝገብ ቤቱ መደርደሪያዎች ተራ በተራ፣ እንደቆሙ፣ በሩን አልፈው ይወጣሉ። በዝናቡ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ አይቸኩሉም። ዎጢቻ ይደርሱና ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። ውሃው ጠጠሩ አንድ በአንድ የሚታይበት ነው። ፋይሎቹ አልረጠቡም። ወዲያ ማዶ ሰው ተሰልፎ ቆሟል፤ እያንዳንዱ የራሱን ፋይል ያነሣና ወደ ቤቱ ይሄዳል። «እኔ አጠገባቸው ቆሜ አስፈርማለሁ» አሉና ሳቁ። አቶ ፈድሉ «ይሄማ ግልጽ ነው እትዬ፣ ጡረታዎ ደረሰ!» አሏቸው። ሁላችንም ሳቅን። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይላሉ። እኛ በጡረታ ፈታነው። ወይኔ!

ለቀብሩ ከኮንጋ ብዙ ሰው መጥቶ ነበር። አቶ ሲላስ ድንኳን ውስጥ ከኃላፊያችን ጎን ተቀመጡ። ቆይተው «እሳቸው አንድ ቀን ዋሽተውን አያውቁም» አሉ። ስለ ደብዳቤው ምንም አላነሡም። ቢያነሡት ይሻለን ነበር።

ሰኞ ኅዳር 16 ቀን ጠዋት ኃላፊው ቢሯቸውን ሲከፍቱ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነበር። እንደ ወትሮው ተገልጦ፣ እንደ ወትሮው ከላይ። መዝገብ ቤቱ ከሐሙስ ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ የት እንደሚሰቀል ግን የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ኃላፊው ሁላችንንም ሰብስበው ማን እንዳስቀመጠው ጠየቁ። እኔ ነኝ ያለ የለም፤ አይ፣ እኔስ አይደለሁም ያለም የለም። መስኮቱ ላይ ጉሙ ቆሞ ነበር። ሁላችንም እሱን አየን። ማጣራቱም በዚያው ቀረ።

በመጨረሻው ወረቀት ግርጌ አንድ መስመር ብቻ ባዶ ነበር። ኃላፊው ብዕራቸውን አነሡ። እጃቸው የለመደውን ሊጽፍ ነበር። አልጻፉም። ሪፖርቱ ይምጣልኝ አሉ።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ ከሰባት ዓመት ከአሥር ወር በኋላ ለአቶ ሲላስ ጅግሶና ለአርባ ሁለቱ ጎረቤቶቻቸው ጥያቄ የሚከተለውን መልስ ሰጥቷል።

አይደለም።

ጉድጓዱ ከወንዙ ዳር ያለው ርቀት ዘጠኝ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም መመሪያው ከሚያዘው እጅግ ያነሰ ነው። ግድግዳው የተሰነጠቀ በመሆኑ ፍሳሹ በቀጥታ ወንዙ ውስጥ ይገባል። አቶ ፈድሉ ትናንት እንደገና ወርደው አይተውታል፤ ስንጥቁ ሰፍቷል እንጂ አልጠበበም። ይህን አምስቱም ኃላፊዎች እያወቁ አልተናገሩም። ጣቢያው አጥፍቷል፤ እኛ ደግሞ ጥፋቱን እያወቅን ሸፍነናል። የእኛ ይብሳል፤ ጠባቂ ተብለን የተቀመጥን ነንና። ጣቢያው ጉድጓዱን አዛውሮ እስኪጠግን ድረስ ፍሳሽ እንዳይለቅ ከዛሬ ጀምሮ በጽሑፍ ታዟል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም የራሳቸውን ጥፋት ጽፈው፣ ደብዳቤውን ከነአሥራ አንዱ ወረቀቶች ቅጂ አያይዘው፣ እንዲጠየቁበት ለሚመለከተው ምክር ቤት አቅርበዋል።

መልሱ በፖስታ ተልኮ ብቻ አይቀርም። በመጪው ሰኞ ኃላፊው ራሳቸው ወደ ኮንጋ ወርደው፣ ሽማግሌዎች ለጉዳይ በሚቀመጡበት ሶንጎ፣ ዛፉ ሥር ቆመው ያነቡታል። የሚሰነዘርባቸውንም ሁሉ ሳያቋርጡ ይሰማሉ።

ወይዘሮ አትጠገብ ይህን መልስ በሕይወት ሳሉ ሊሰሙ ይገባ ነበር። አልሰሙም። ጡረታቸው ሊደርስ የቀረው ጥቂት ወራት ነበር፤ እኛም ውስጥ ውስጡን እሱን ስንጠብቅ ነበር ማለት ነው። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።

ለባለቤታቸው ለአቶ ኃይለኢየሱስ፣ ለልጃቸው ለወይዘሪት ቤቴል፣ ለዘመድ ወዳጆቻቸው፣ ለእድርተኞቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው።

አማኑ ሮባ
የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለቤተሰባቸው
ለአቶ ሲላስ ጅግሶና ለአርባ ሁለቱ ፈራሚዎች፣ ከሦስት ገጽ ሪፖርት ጋር
ለመዝገብ ቤት፣ ወንዙ እስኪጠራ ድረስ ሰኞ ሰኞ ጠዋት በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ